ቀጥ ብላ የሄደችው ፍላጻ

የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ስልክ አላነሳም። ልጆቼ "አባዬ፣ ስካም ነው፣ አጭበርባሪ ነው፣ እንዳታነሳ" እያሉ አስፈራርተውኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ መነጽሬም አጠገቤ የለ፣ ልጄ ናት ብዬ በሳሙና እጄ አነሳሁት። "ኑሬ" አለኝ አንድ የሻከረ ድምፅ። ስሜ ኑሩ ነው። በዚህች ከተማ ኑሬ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም እንደሞተ ቆጥሬ ከተውኩት ስንት ዘመኔ። "ግርማ ነኝ። አትዝጋው፣ ፕሊስ" አለኝ። አልዘጋሁትም። ያለኝን ስደርስበት እነግራችኋለሁ፤ ከመነሻው ካልጀመርኩ ግን ነገሩ አይገባችሁም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ግርማና እኔ ካናዳ ውስጥ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች በአንዱ አፓርትመንት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እኔ ወሎዬ። የተዋወቅነው ካርቱም ነው፤ እዚያ ወባ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ውኃ እያጠጣ ያስታመመኝ እሱ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ኩሽናችን ውስጥ ሁለት ድስት ነበረን፤ ቀዩ የእሱ፣ ሰማያዊው የእኔ። ሽሮውንና ምስሩን ከአንድ ሳህን እየተጎራረስን እንበላለን። ሥጋ ሲሆን ግን እሱ የክርስቲያኑን በቀዩ፣ እኔ የእስላሙን በሰማያዊው። እኛ አገር ነገሩ እንደዚህ ነው፤ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እስላሙ አይበላም፣ ቢስሚላሂ ተብሎ የታረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። ሰርጉንም ለቅሶውንም አብረን እንውላለን፣ ለጎረቤት እንግዳ የራሱ በግ በራሱ ሰው ይታረድለታል፣ ማንም በዚህ አይቀየምም። ካናዳም መጥተን ያው ነበርን።

የምሠራው ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ወሎ ሲባል ፈረንጁ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ያየውን ረሃብ ብቻ ነው። ከወሎ ነኝ ባልኩ ቁጥር አንዱ ሳንድዊቹን ይገምስልኛል፤ ሳንድዊቹ ደግሞ ሁልጊዜ የአሳማ። አልበላም ስል ይብሱን ያዝኑልኛል። ፎርማናችን ሬይ ብቻ አንድ ቀን "ታዲያ አንተ የምን ሥጋ ነው የምትበላው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ራሴ የገደልኩትን" አልኩት ለቀልድ። እሱ ግን የምሩን ወሰደው። ሬይ በየመከሩ በቀስት የሚያድን ሰው ነበር፤ የጠመንጃ ጩኸት አይወድም። አሮጌ ቀስቱን አውጥቶ ሰጠኝ፣ የአደን ፈተናውንም ፈቃዱንም እሱ እየመራኝ አወጣሁ።

ቀስት ስላችሁ አገር ቤት ልጆች ከቅርንጫፍ የሚሠሩት እንዳይመስላችሁ። ይኼኛው ላይና ታች ጫፉ ላይ መዘውር አለው፤ ገመዱ በመዘውሮቹ ይዞራል። ስትስበው መጀመሪያ ይታገልሃል፣ መጨረሻው ላይ ግን ክብደቱን ይለቅልህና እንደ ልብህ ታነጣጥራለህ። ገና የመጀመሪያውን ቀን ወደድኩት። ያን ሁሉ ዓመት እየሸሸሁ ኖሬ፣ ቆም ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ አንድ ነገር ላይ ማተኮር እንዴት እንደጣመኝ!

በዚሁ ሰሞን ነው ዘሀራን ያገኘኋት። የእንግሊዝኛ ክፍል ከኋላዬ ትቀመጥ ነበር፤ ስሳሳት ትስቅብኛለች፣ ስትስቅ ደግሞ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። አባቷ ሐጂ ይመር የባቲ ሰው ናቸው፤ ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ይኖሩ ነበር። ከቶርንክሊፍ እሳቸው ቤት ለመድረስ አውቶቡስ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ሰብዌይ፣ እንደገና አውቶቡስ ነው። ሽማግሌ ልኬ፣ ይምጣና ልየው ብለው፣ ሄጄ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

"ከክርስቲያን ልጅ ጋር ነው አሉ የምትኖረው" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

"ድስታችሁስ?"

"ሁለት ነው አባባ። ግርማን ከእናቴ ልጅ አስበልጬ አምነዋለሁ።"

ከዚያ ወሬው ወደ አደን ዞረ፤ ዘሀራ ነግራቸው ኖሮ ቀስቱን ሰምተዋል። ፊታቸው በራ። በልጅነታቸው አጎታቸው ከቆላ ሚዳቋ እያደነ ያበላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዱር ሥጋ በአፋቸው አልዞረም። "ግን ሕጉን ታውቃለህ?" አሉኝ፤ እሳቸው ቁርአን ያስቀሩ ስለነበር እንደ ተማሪ አስቀመጡኝ። ስትለቅ የአላህን ስም ጥራ፤ ፍላጻዋ በስለቷ ወግታ ከገደለችው ብላ። በጎኗ መትታ ከገደለችው በዱላ እንደተደበደበ ነውና አትብላ። ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስክበት ራስህ እረደው። ሌላ ሰው እጁን ካስገባበት ደግሞ ተወው። "በል እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ እየሳቁ፤ "ያለ ጥርጣሬ የዱር ሥጋ ያበላኸኝ ዕለት ዘሀራን እሰጥሃለሁ።" ሳቁ እንጂ ቀልዳቸውን አልነበረም፤ እኔም ቀልድ አላደረግኩትም።

"በስለቷ እንጂ በጎኗ አይደለም" የምትለዋ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰክታ ቀረች። ያ በጋ በሙሉ ያለቀው በእሷ ነው።

ከኛ ሕንጻ ቁልቁል፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ወንዙ አጠገብ የቀስት መለማመጃ ሜዳ አለ፤ አሁንም አለ። ከሥራ ስንወጣ ግርማና እኔ እዚያ ነን። አሮጌ ጋዜጣ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረን እናቆማለን፣ ከቅርብ ሆኜ አሳልፌ እለቅበታለሁ። ፍላጻዋ ቀጥ ብላ ከሄደች አንዲት ንጹሕ ቀዳዳና የላባዎቹ ጭረት ብቻ ይታያል። ጅራቷን እየወዘወዘች ከሄደች ግን ወረቀቱ ይተረተራል፤ የተተረተረበት አቅጣጫ ጅራቷ ወዴት እንደሸሸ ይነግርሃል። ወደ ላይ ከቀደደች ገመዱ ላይ የምትሰካበት የናስ ቀለበት ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በፒንሳ ዝቅ ታደርገዋለህ። ወደ ጎን ከቀደደች ፍላጻዋ የምትጋደምበትን ማረፊያ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ ትገፋዋለህ፣ ፀጉር ታህል። ወረቀቱን የሚቀይርልኝ ግርማ ነበር። የተበሳውን እያነሳ እንደ ራጅ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ያየዋል። "ኑሬ፣ ዛሬም ወደ ግራ ትቀድዳለች" ይለኛል፣ ከኔ በላይ እየተከፋ። ውሸት አልናገርም፣ ያን በጋ ከግርማ ጋር የሳቅኩትን ያህል ከማንም ጋር ስቄ አላውቅም።

ወረቀቱ ልክ ሲመጣ በቃ ጨረስኩ ብዬ ነበር። አልጨረስኩም ለካ። የልምምዱ ጫፍ ድቡልቡል ነው፤ ጥፋትህን ይሸፍንልሃል። የአደኑ ጫፍ ግን ምላጭ ነው፤ ብሮድሄድ ይሉታል። ምላጮቹ ከፊት ነፋስ ይይዛሉ፣ ላባዎቹ ከኋላ ይይዛሉ፣ ቀስቱ ላይ ትንሽ መዛነፍ ካለ ሁለቱ ፍላጻዋን ወዲያና ወዲህ ይጎትቷታል። ምላጭ ሜዳው ላይ ክልክል ስለሆነ በግርማ ላዳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሬይ ዘመድ እርሻ እንሄድ ነበር። በመንገዱ ዳር ገበሬዎቹ የበቆሎ እሸት ይሸጣሉ፤ ግርማ ሳይገዛ አያልፍም፣ እርሻው ላይ እሳት አንድደን እየጠበስን እንበላለን። እዚያ ነው ጉዴ የፈላው። ድቡልቡሎቹ መሐል ሲመቱ ምላጮቹ ግራ ወጥተው ይሰካሉ። ማረፊያውን ወደ ቀኝ ነካ አድርጌ እለቃለሁ፤ አሁንም ግራ፣ ግን ቀረብ ብላለች። እንደገና ነካ፣ እንደገና መልቀቅ። ፍላጻዎቹን አንድ በአንድ ጫፋቸው ላይ አቁሜ አሾራቸዋለሁ፤ ምላጩ ጠመም ብሎ የገባበት ሲሽከረከር ይንዘፈዘፋል፣ እሱን አወጣለሁ። ሬይ ይስቅብኛል። "አጋዘን ትልቅ ነው፣ ኑሩ፤ የመርፌ ዐይን አይደለም የምትመታው" ይለኛል። በስለቷ እንጂ በጎኗ መሆን እንደሌለበት እንዴት ላስረዳው? የሜፕል ዛፉ ቅጠል መቅላት ሲጀምር ምላጩም ድቡልቡሉም ጎን ለጎን አንድ ቦታ መሰካት ጀመሩ። ግርማ አንገቴን አንቆ ሳመኝ።

ጥቅምት ላይ፣ በረዶ የመሰለ ጤዛ ሣሩን ባነጣበት ጠዋት፣ ሬይ ዛፍ ላይ የተሠራች መቀመጫ አሳይቶኝ ወደ ራሱ ሄደ። ግርማ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ ሳይከፍት እንዲጠብቀኝ ተማጽኜዋለሁ። አጋዘኑ የመጣው እግሬ ደንዝዞ ሳለ ነው፤ ቅጠል እየረገጠ፣ እየቆመ፣ እያሸተተ። ጎኑን ሲሰጠኝ ሳብኩ። "ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር" ብዬ ለቀቅኩ። ላባዋ ሳይወዛወዝ ስትሄድ በዐይኔ ተከትያታለሁ። በዚህ ጎኑ ገብታ በዚያ ጎኑ ወጣች። አጋዘኑ ዘሎ ጫካው ውስጥ ገባ።

ወዲያው አትከተል፣ ካሳደድከው ይርቅብሃል ብሎ ሬይ አስጠንቅቆኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ቆየሁና ግርማን ጠራሁት። ፍላጻዋን መሬት ላይ ተሰክታ አገኘናት፤ ከምላጩ እስከ ላባዋ ደም ነክሯታል። የደሙን ጠብታ ስንከተል ረግረግ ያለበት ቁጥቋጦ ላይ ጠፋብን። እኔ በቀኝ ዞርኩ፣ እሱ በግራ። ትንሽ ቆይቶ "ኑሬ! አገኘሁት!" ሲል ሰማሁ። ረግረጉን እያቦካሁ ሮጥኩ። ስደርስ ተንበርክኮ ነበር፤ ቢላዋው ደም በደም፣ የአጋዘኑ አንገት ተቆርጧል።

"ምን አደረግክ?"

"ሞቶ ነው ያገኘሁት። ሬይ ወዲያው ደሙ ይውጣ ብሎን የለ? ለሱ ነው የቆረጥኩት።"

"ምንም ነፍስ አልነበረውም?"

"ምንም። ዐይኑ ፈጥጦ ነበር።"

"ማርያምን በል።"

"ማርያምን!" አለኝ፤ በደም እጁ ደረቱን መትቶ።

ማርያምን ካለኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ግርማ በእሷ በዋዛ አይምልም።

ሐጂ ይመር ቤት ያን እሑድ የነበረውን ደስታ ዛሬም ሳስበው አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ከዚያ ይመረኛል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። የዘሀራ እናት ግማሹን ቀቅለው ግማሹን በቃሪያና በቅቤ ጠብሰውታል። ሐጂ ከመቁረሳቸው በፊት ወደኔ ዞሩ። "ጥርጣሬ የለህም?"

"ወላሂ አባባ፣ በፍላጻዬ ነው የሞተው" አልኩ በሁሉም ፊት።

ቆረሱ። ዐይናቸውን ጨፍነው ሲያኝኩ የባቲ ቆላ ውስጥ እንዳሉ ያስታውቃል። ዱዓ ተደረገ፣ ኒካሁም ሥራ ለሚዘጋበት ለገና ሰሞን ተቆረጠ። ዘሀራ ከኩሽናው በር ሆና ዐየችኝ።

አንዱን የኋላ እግር ግርማ "ለሥራ ቦታ ልጆች ልስጣቸው" ብሎ ጠይቆኝ ወስዶ ነበር። ፈረንጆቹ ማለቱ መስሎኝ፣ የልፋትህ ነው ብዬ ሰጠሁት።

እትዬ አስካለ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ፣ ሁላችንንም እንደ እናት የሚቆጡ ሴት ናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ አሳንሰር ውስጥ ተገናኘን።

"አንተ ኑሩ፣ ያ አጋዘናችሁ ጣት ያስቆረጥም ነበር እኮ!" አሉኝ። "ግርማ ለሚካኤል ማኅበር ወጥ አሠርቶበት፣ ማሰሮውን ልንልሰው ምንም አልቀረን።"

ማኅበሩን ዐውቀዋለሁ፤ ተራው የደረሰ ሰው ጽዋውን ይወስድና በየወሩ በዓል ይደግሳል። ግርማ ተራ እንደደረሰው ግን አልነገረኝም።

"እትዬ፣ እሱ እኮ የኔ ሥጋ ነው" አልኳቸው። "እናንተ እንዴት በላችሁት?"

"እንዴት ያንተ? በሕይወት ደርሼበት፣ በስመ አብ ብዬ አማትቤ አረድኩት ብሎን ነው እንጂ! ጽዋ ይዞ የእስላም ሥጋ ሊያበላን ነው እንዴ?" ፊቴን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ውይ በሞትኩት! አንተንም አብልቶሃል?"

የምወርድበትን ፎቅ ዐለፍኩት።

ቤት ስገባ ግርማ በቀዩ ድስት እንቁላል እየጠበሰ ነበር። "በሕይወት ደርሰህበታል?" አልኩት። ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። እሳቱን ቀነሰ።

"መልስልኝ እንጂ!"

"ምን ለውጥ አለው ኑሬ? የጣለው ያው ያንተ ፍላጻ ነው።"

"ነፍስ ነበረው ወይስ አልነበረውም?"

"ነበረው" አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

"ማርያምን ያልከኝስ?"

ሰው ጠልቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ምን እንደሚመስል ዐየሁት። ለሐጂ ይመር በሐሰት አስምሎኛል። በእሱ ቃል ተማምኜ ወላሂ አልኩ። ያ ሁሉ በጋ፣ ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያቺ ፀጉር የምታህል ነካ ነካ፣ ሁሉ ለዚህ!

ሐጂ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙ ከራሳችን ይስሙ ብዬ ይዤው ሄድኩ። እንቢ አላለም። አውቶቡስ፣ ሰብዌይ፣ አውቶቡስ። ሐጂ ሁሉንም ከኔ ከሰሙ በኋላ ወደ ግርማ ዞረው በዝግታ ጠየቁት።

"ልጄ፣ ስትደርስበት ነፍስ ነበረው?"

ግርማ ምንጣፉን ዐየ። "አዎ አባባ።"

ሐጂ ወደኔ ተመለሱ። "ለሥጋው አልጨነቅም፤ ሳናውቅ የበላነውን አላህ ይምረናል" አሉኝ። "ግን ያላየኸውን ነገር በሰው አፍ ተማምነህ በአላህ ስም ማልክልኝ። ነገ በልጄ ጉዳይ ቃል ስትገባልኝ ያንተን ቃል ነው የምይዘው ወይስ የጓደኛህን?" አልጮኹም፣ አልሰደቡኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዘሀራ ስልክ ደውላ አለቀሰችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ለምን ይዘኸው መጣህ?" አለችኝ። በዓመቱ ሌላ ሰው አግብታ ወደ ምዕራብ ሄደች።

ሰማያዊውን ድስት ይዤ ከዚያ ቤት ወጣሁ። ቀስቱን ለሬይ መለስኩለት። "ምን ሆኖ ነው? እንደዚህ የተስተካከለ ቀስት ይዤ አላውቅም እኮ" አለኝ፣ ገመዱን በጣቱ እየነካ። ቀስቱ ምንም አልሆነም አልኩት።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ወደተደወለው ስልክ ልመለስ። ግርማ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሊገባ ነበር። "ሳልነግርህ ከሞትኩ ነፍሴ አትማርም" አለኝ። "ያ አጋዘን ሞቶ ነው ያገኘሁት ኑሬ። እንዳልኩህ ነው፣ ማርያምን! የዋሸሁት ማኅበሩን ነው። ጽዋ ይዤ የምደግሰው አልነበረኝም፤ ያን የመሰለ ሥጋ እያየሁ ማለፍ አቃተኝ። አረድኩት አልኳቸው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ሐጂ ሲጠይቁህ? ሞቶ ነው ያገኘሁት ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ነው!"

"በማግስቱ እትዬ አስካለ ጆሮ ይገባል። በታቦት ጽዋ የእስላም ሥጋ አበላን ብለው..." ሳል አቋረጠው። "የኔ ሰዎች ምን ይሉኝ ነበር?"

የሱ ሰዎች! እኔስ የማን ሰው ነበርኩ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን አገላብጣለሁ። እውነቱን ከሆነ ፍላጻዬ በስለቷ ገድላለች፣ ሥጋው ንጹሕ ነበር፣ መሐላዬም የእውነት መሐላ ነበር፤ ይህን እያወቀ አጠገቤ ቆሞ ዘሀራን ስነጠቅ ዐየኝ። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ ሊሞት ሲል እንኳ ሊያጽናናኝ ብሎ ዋሽቶኛል። ያኔም ማርያምን ብሎኛል፣ አሁንም ማርያምን አለኝ። በየትኛዋ ልያዝ? ሐጂ ይመር ዐርፈዋል፤ ልንገርዎት የምላቸው ሰው የለም። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አቅንተን ስናየው ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ያናድደኛል። በዚህ ዕድሜዬ ደሜ ይፈላል።

"አውፍ በለኝ ኑሬ" አለኝ በመጨረሻ፤ ይቅር በለኝ ማለቱ ነው፣ ካርቱም ሳለን ከኔ የለመዳት የወሎዬ ቃል ናት። ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲገባ እንቢ አይባልም። "አውፍ ብያለሁ" አልኩት። በአፌ ነው ያልኩት፤ ልቤን ገና አልጠየቅኩትም። ስልኩን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ሐሊማ ከሳሎን ወጣች። ሳሙናው እጄ ላይ ደርቋል።

"ማነው? ጓደኛህ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኳት። "ድሮ አብረን እንኖር ነበር።"